«ከፍለው የመጡ ስደተኞች አይደሉም»፦ የሃይ ሆንግ መርከብ ጉዳይ

ኖቬምበር 9 ቀን 1978 (እዚህ ያሉት ቀናት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሃይ ሆንግ የምትባል የጭነት መርከብ ማሌዥያ ውስጥ ፖርት ክላንግ አጠገብ መልህቋን ጣለች። በ1948 የተሠራች አሮጌ መርከብ ናት፤ ከ1,500 ቶን ትንሽ ከፍ የምትል። ሥራዋን ጨርሳ ለቁርጥራጭ ብረት የተሸጠች ናት። ከሲንጋፖር ስትነሳም ሆንግ ኮንግ ሄዳ ልትፈራርስ ነው ተብሎ ነበር። ማሌዥያ ደጃፍ ስትደርስ ግን ሆዷ ውስጥ ወደ 2,500 ሰው ነበር። ቬትናማውያን ናቸው። አሮጊት፣ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ ሁሉም አለበት።

የማሌዥያ መንግሥት መልስ አጭር ነበር። አይወርዱም። መርከቧም ወደ መጣችበት ትመለስ። ምክንያቱን ሲጠየቅ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ለጉዞው ከፍለዋል፣ ያመጣቸው ደላላ ነው፣ ስለዚህ ስደተኞች ሳይሆኑ ሕገወጥ ገቢዎች ናቸው አለ።

ስለ ቬትናም የባሕር ስደተኞች ሲወራ አብዛኛው ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣለት ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ነው። እሱም እውነት ነው፤ ብዙው ሰው የወጣው በዚያ ነው። እኔ ግን የሃይ ሆንግን ጉዳይ የመረጥኩት የማይመች ስለሆነ ነው። ወርቅ አለበት፣ ጉቦ አለበት፣ ትርፍ የቆጠሩ ነጋዴዎች አሉበት። ማንም የሚያዝንለት ንጹሕ ታሪክ አይደለም። ሆኖም የቬትናም የባሕር ስደተኞች አያያዝ ለአሥር ዓመት ያህል የተመራበት አሠራር የጸናው እዚህች መርከብ ላይ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። ሳይጎን ኤፕሪል 30 ቀን 1975 ወደቀች። የደቡቡ ጦር መኮንኖችና ባለሥልጣናት «ለተሐድሶ» ተብለው ካምፕ ገቡ፤ ጥቂት ቀን ነው የተባለው ለብዙዎቹ ዓመታት ሆነ። ለብዙው ነጋዴ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ያን ያህል አልከበዱም። ከሳይጎን ጎን ቾሎን የሚባል ሰፈር አለ። ትውልደ ቻይናውያኑ፣ ሆዋ የሚባሉት፣ የሚነግዱበት ቦታ ነው። ሩዙም ጨርቁም መድኃኒቱም በዚያ ነበር የሚያልፈው። ማርች 1978 መንግሥት የግል ንግድ ቀረ ብሎ አወጀ። ወጣት ካድሬዎች ሱቅ ለሱቅ፣ መጋዘን ለመጋዘን ገብተው ዕቃ ቆጠሩ፣ አሸጉ። ሜይ ላይ ደግሞ ብር ተቀየረ፤ ቤቱ ጥሬ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ባዶውን ቀረ። ንግዱ የተዘጋበት ሰው «አዲስ የኢኮኖሚ ቀጠና» ወደሚባል በረሃ ሄዶ እንዲያርስ ተነገረው። ዕድሜውን ሙሉ ሚዛን ፊት የቆመ ሰው ነው አርስ የሚባለው።

በዚህ ላይ ቬትናምና ቻይና ተኳረፉ። ቬትናም በ1978 መጨረሻ ካምቦዲያ ገባች፤ ቻይና በፌብሩዋሪ 1979 ቬትናምን ወጋች። ሃይ ሆንግ የተጫነችው ይህ ሁሉ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሆዋ የሆነ ሰው ያን ጊዜ በሁለት በኩል ተያዘ። በመደቡ ቡርዧ ነው፣ በዘሩ ደግሞ የጠላት ወገን። ልጁ ከደረሰ ለውትድርና ይፈለጋል፤ እሱ ራሱ ሥራ የለውም። ይህንን ሰው ለምን ወጣህ ብሎ የሚጠይቅ ያለ አይመስለኝም።

እንዴት ወጣ የሚለው ነው ጉዳዩን ያወሳሰበው። የቬትናም መንግሥት እነዚህን ሰዎች ማባረርም ማስቀመጥም አልፈለገም፤ ስለዚህ መውጫቸውን ሸጠላቸው። አሠራሩ ቁልጭ ያለ ነበር። ቻይናዊው ደላላ ስም ይሰበስባል፣ ዝርዝሩ ለሕዝብ ደኅንነት ቢሮ ይቀርባል፣ ወርቁ ይቆጠራል፣ ቀን ይቆረጣል። የተለመደው ዋጋ ለአንድ አዋቂ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ታኤል ወርቅ ነበር፣ ለልጅ ግማሽ። ታኤል ቬትናሞች ወርቅ የሚለኩበት ነው፤ 37.5 ግራም ያህል ይመዝናል። በብዛት የሚታወቀው ኪም ታን የሚባለው ምልክት ያለበት ወርቅ ደግሞ እንደ ቅጠል የሳሳ ነው። አንዱ ቅጠል 15 ግራም፤ ሁለት ቅጠል ተኩል ሲሆን አንድ ታኤል ይሞላል፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ይታጠፋል፣ ስለዚህ የልብስ ጠርዝ ውስጥ ይሰፋል። ባንክ የማያምን ሕዝብ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው እሱን ነው። አባት፣ እናት፣ አያትና ሦስት ልጅ ያለበት ቤተሰብ ሒሳቡን ሲሠራው ከሃምሳ ግራም የሠርግ ወርቅ ያለፈ ነገር እንደሆነ ይገባችኋል፤ በኪሎ ነው የሚቆጠረው።

ከወርቁ ከፊሉ ለመንግሥት፣ ከፊሉ ለመርከብ አቅራቢዎች፣ ከፊሉ ለደላላና ለአገር ውስጥ ሹማምንት። ቤቱና ዕቃው ያው ለመንግሥት ይቀራል። የሚገርመው ደግሞ መውጫው ለቻይና ዘር ብቻ የተከፈተ ስለነበር ንጹሕ ቬትናማዊ የሆኑ ሰዎች የቻይና ስም ያለበት ሐሰተኛ ወረቀት እየገዙ መውጣታቸው ነው። በሌላ ጊዜ የሚያስጠረጥረው ዘር ለአንድ ሰሞን ፓስፖርት ሆነ።

ንግዱን ከውጭ የያዙት ሲንጋፖርና ሆንግ ኮንግ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ሊፈርስ የተቃረበ መርከብ በርካሽ ይገኛል፣ አንድ ጉዞ ከሠራ ይበቃል። ከሃይ ሆንግ በፊት ሳውዘርን ክሮስ የምትባል መርከብ በሴፕቴምበር 1978 ከ1,200 በላይ ሰው ጭና ወጥታ ነበር፤ ማንም አልቀበል ሲላት የኢንዶኔዥያ ሰው አልባ ደሴት ላይ አራገፈቻቸው። ነገሩ ሠራ። ስለዚህ ተደገመ፣ በእጥፍ።

ሃይ ሆንግ በኦክቶበር አጋማሽ ከሲንጋፖር ወጣች፤ ወሩ ሊያልቅ ሲል ቩንግ ታው ከምትባለው የቬትናም ከተማ ወጣ ብላ ቆማ ሰዎቹን በትናንሽ ጀልባ እየቀዳች ጫነች። ካፒቴኑ በኋላ ሲጠየቅ ይህ አልታቀደም፣ መንገድ ላይ በብልሽት ስንቆም ሰዎቹ በግድ ወጡብን አለ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሰው ሻንጣውን ይዞ ባሕር መሀል በአጋጣሚ ሲጠብቀው ነበር እንግዲህ! ማንም አላመነውም። በዚያው ሰሞን ሪታ የተባለ ትልቅ አውሎ ነፋስ ፊሊፒንስን እየመታ ነበር። መርከቧ ወደ ደቡብ ዞረች። ኢንዶኔዥያ አላስጠጋም አለች። ከዚያ ፖርት ክላንግ።

እዚያ ስትቆም የውስጧን ሁኔታ መገመት አይከብድም። ይህ የዕቃ መርከብ ነው፣ የሰው አይደለም። መኝታ የለውም፣ ሽንት ቤቱም ለጥቂት መርከበኞች የተሠራ ነው። ሰው የዕቃ ማጠራቀሚያው ወለል ላይና ከላይ ብረቱ ላይ ጎን ለጎን ተኛ፤ ቀን የምድር ወገብ ፀሐይ፣ ሌሊት ዝናብ። ማሌዥያ የጦር ጀልባ አቁማ መውረጃውን ዘጋች። የቀይ ጨረቃ ማኅበር ምግብና ውኃ እንዲያደርስ ግን ተፈቀደ። ከወደቡ ጥቂት ርቀት ላይ የቆሙ ሰዎች የአገሩን መብራት እያዩ ሳምንታት ቆጠሩ።

ለማሌዥያም ቢሆን ፍትሐዊ እንሁን። ያን ሰሞን ባሕሩ በየቀኑ ሰው ይተፋ ነበር። ኦገስት 1978 ላይ የተከፈተው የፑላው ቢዶንግ ደሴት ካምፕ በዓመቱ 40,000 ገደማ ሰው ታጨቀበት፤ ደሴቱ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገመት ነው። ጀልባዎቹ የሚደርሱት ድሃዎቹ የምሥራቅ ዳርቻ ክፍላተ ሀገር ላይ ነው፣ ትሬንጋኑና ኬላንታን። ከዚያ በላይ ደግሞ ያልተሻረ ቁስል አለ። ሜይ 13 ቀን 1969 ኳላ ላምፑር ውስጥ ማላዮችና ትውልደ ቻይናውያን ተፋጅተዋል። የሕዝቡ የዘር ሚዛን በአንድ ግራም የሚንጋደድ የሚመስላቸው ፖለቲከኞች ላይ ነው ይህ ሁሉ ትውልደ ቻይናዊ የመጣው። ማሌዥያ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት አልፈረመችም፣ እስከ ዛሬም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጋዛሊ ሻፊ ቆፍጠን ያለ ሰው ነበር፤ ሃይ ሆንግን ዛሬ ካስገባን ነገ አሥር ይመጣል የሚለው ስሌት ደግሞ ከንቱ ፍርሃት አልነበረም፣ በኋላ እንደምናየው።

የፍርሃቱ ዋጋ ግን ሰው ነበር። ሃይ ሆንግ እዚያው ቆማ ሳለች፣ ኖቬምበር 22 ላይ፣ በሌላኛው ዳርቻ ትሬንጋኑ አጠገብ እንዳታርፍ የተገፋች አንዲት ጀልባ ተገልብጣ ወደ 200 ሰው አለቀ። ከባሕር ዳር እየታየ።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። «ከፍለዋል» የሚለው ክስ ጉልበት ያገኘው ሌሎችም ስለተቀበሉት ነው። ጋዜጦች «ወርቅ የያዙ ስደተኞች» እያሉ ጻፉ። በደሃ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ የመጣ ያሳዝናል፤ ቲኬት ቆርጦ የመጣ አያሳዝንም። እኛም ጋ ይህን አባባል እሰማዋለሁ፤ ልጁ ከጅቡቲዋ ኦቦክ ተነስቶ ወደ የመን ሲሻገር ባሕር ሲበላው «ለደላላ ያን ያህል ብር ከፍሎ እኮ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ብሩን ከየት እንዳመጣው፣ ስንት በሬ እንደተሸጠበት አይጠይቅም።

እኔ ክርክሩ ከሥሩ የተበላሸ ነው ባይ ነኝ። በ1951ዱ ስምምነት ስደተኛ ማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ወገኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት በደል እንዳይደርስበት በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ያደረበት ሰው ነው። እንዴት እንደመጣ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ማን እንዳጓጓዘው አንድም ቃል የለም። ደግሞስ ክፍያው ምን ያሳያል? አንድ መንግሥት ዜጎቹን አሥር ታኤል አምጡና ከፊቴ ጥፉ ካለ፣ ቤታችሁንም ጥላችሁ ሂዱ ካለ፣ ይህ የመበደላቸው ማስረጃ እንጂ የመሽሞንሞናቸው አይደለም። ማሌዥያ ሻጩን መያዝ አልቻለችም፣ ቬትናም ላይ አቅም የላትም፤ ሲንጋፖር ያለውን ነጋዴም አትነካውም። እጇ ላይ ያለው ተሳፋሪው ብቻ ነው። እሱን ቀጣች።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ምን ይላል የሚለው ሁሉንም ወሰነ። ኮሚሽኑ ሰዎቹ ስደተኛ አይደሉም ካለ፣ የሚቀበል ሦስተኛ አገርም አይኖርም፤ መርከቧ ወደ ባሕር ትመለሳለች። በማሌዥያ የነበረው የኮሚሽኑ ተወካይ ሰዎቹ የኮሚሽኑ ኃላፊነት ናቸው ብሎ ቆመ። ከኮሚሽኑ ዋና መሥሪያ ቤት ከጄኔቭም ቴሌግራም መጣ፤ ሐሳቡ ወደፊት ተቃራኒ ማስረጃ እስካልተገኘ ድረስ ከቬትናም በባሕር የሚመጡ ሁሉ እንደ ኮሚሽኑ ጉዳይ ይወሰዱ የሚል ነበር። በቃ። እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ስደተኛ መሆኑን ማስረዳት ቀረለት። ከዚያች ባሕር ወጥቷል፣ ስለዚህ ስደተኛ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚወስድ አገር ተፈለገ፤ ማሌዥያም ከመርከቧ የሚወርደው በቀጥታ አውሮፕላን ላይ የሚሳፈር ብቻ ነው አለች። የመጀመሪያው ጎላ ያለ መልስ ከካናዳ መጣ። የኬቤክ የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ዣክ ኩቱር፣ ቄስም ነበር፣ ክፍለ ሀገራችን 200 ሰው ይወስዳል አለ፤ የፌደራሉ ሚኒስትር ባድ ኩለንም ቁጥሩን ከፍ አደረገው። በመጨረሻ ካናዳ 604 ሰው ከሃይ ሆንግ ወሰደች። የካናዳ የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ፖርት ክላንግ ድረስ ሄደው ቤተሰቦቹን አነጋገሩ፣ መዘገቡ። የተመረጡት በጀልባ ወረዱ፣ በአውቶቡስ ሱባንግ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከዚያ በካናዳ አየር ኃይል አውሮፕላን ሞንትሪያል። የመጀመሪያዎቹ ኖቬምበር 25 ገቡ። ነጠላ ጫማና ስስ ሸሚዝ ለብሰው፣ በዚያ ብርድ። ወታደር ካምፕ ውስጥ ካፖርትና ቦት ጫማ እየተለካ ታደላቸው።

ምዕራብ ጀርመንም ያልተጠበቀ ነገር አደረገች። የኒደርዛክሰን ርዕሰ መስተዳድር ኧርንስት አልብሬክት (በኋላ የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት የኡርሱላ ፎን ደር ላይን አባት ናቸው) ዜናውን በቴሌቪዥን አይተው ክፍለ ሀገሬ 1,000 ሰው ይቀበላል አሉ። ዲሴምበር 3 ቀን 1978 የመጀመሪያዎቹ 163 ሰዎች ሃኖቨር አረፉ። ፈረንሳይና አሜሪካም ድርሻቸውን ወሰዱ። ሁሉም ግን በአንድ ሳምንት አላለቀም፤ ወራት የጠበቁ ነበሩ።

ታዲያ የጋዛሊ ሻፊ ስጋት? እውነት ሆነ። ዲሴምበር ላይ ሁዌይ ፎንግ የምትባል መርከብ 3,300 ሰው ይዛ ሆንግ ኮንግ መጣች፤ በዚያው ሳምንት ቱንግ አን 2,300 ይዛ ማኒላ። ፌብሩዋሪ ላይ ስካይላክ 2,600 ይዛ ሆንግ ኮንግ። ነጋዴዎቹ ገበያው እንዳለ አይተዋል። ሆንግ ኮንግ ግን አንድ ብልህ ነገር ሠራች። ሰዎቹን ብታጉላላም በመጨረሻ አወረደቻቸው፣ የሁዌይ ፎንግን የሞተር ክፍል በርብራ ግን በሺዎች ታኤል የሚቆጠር ወርቅ አገኘች፤ ካፒቴኑንና ግብረ አበሮቹን ፍርድ ቤት አቁማ አሳሰረች። ንግዱን መምታት ይቻል ነበር ማለት ነው፣ ተሳፋሪውን ሳይነኩ። ትልልቆቹ መርከቦች ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

ትንንሾቹ ጀልባዎች ግን ጨመሩ። በጁን 1979 ብቻ ከ50,000 በላይ ሰው በባሕር ደረሰ። የደረሰው ነው የሚቆጠረው፤ የሰመጠውን፣ የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ላይ ወንበዴ የገደለውን፣ የወሰዳትን ልጅ የሚቆጥር አልነበረም። አምስቱ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር (አሴአን) አባላት በቃን፣ አዲስ ሰው አንቀበልም አሉ። በጁላይ ጄኔቭ ላይ 65 መንግሥታት ተሰበሰቡና አገሮቹ የሚወስዱትን ቁጥር ከ125,000 ወደ 260,000 አሳደጉት። ቬትናምም ሕገወጥ መውጫውን ለመግታት፣ በሥርዓት መሄድ የሚፈልገውን ለመልቀቅ ቃል ገባች።

ለኛ ሰው የሚነካው ክፍል ይህኛው ነው። ካናዳ ያኔ ገና የጀመረችው ሕግ ነበራት፤ አምስትና ከዚያ በላይ ዜጎች ወይም አንድ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ለአንድ ስደተኛ ቤተሰብ ለአንድ ዓመት ኃላፊነት የሚወስዱበት። በ1979 እና 1980 ከገቡት 60,000 የኢንዶቻይና ስደተኞች ከግማሽ በላዩ በዚህ መንገድ ነው የገባው። በኋላ ካርቱምና ናይሮቢ የተቀመጠ የኛ ልጅ «ስፖንሰር አገኘሁ» ሲል የነበረው ይህንኑ በር ነው። አሜሪካም እንዲሁ። እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ ሕግ ስደተኛ የሚባለው በዋናነት ከኮሚኒስት አገር ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸ ነበር። የቬትናሙ ጎርፍ ሕጉ እንደማይበቃ አሳየ፤ ማርች 17 ቀን 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት አዋጅ ዓለም አቀፉን ትርጉም አስገባ። በ1980ዎቹ ከሱዳን ካምፖች አሜሪካ የገቡት ኢትዮጵያውያን በዚህ አዋጅ ነው የገቡት።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሃይ ሆንግ ላይ የነበሩት ከቬትናም ተሰዳጆች ውስጥ ዕድለኞቹ ናቸው። ብረት መርከብ ላይ ነበሩ፣ ጋዜጠኛ አይቷቸዋል፣ ቁጥራቸው ስለበዛ ደብዛቸው ሊጠፋ አይችልም። አሥር ታኤል ያልነበረው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ በወንዝ ጀልባ ወጣ፤ ሲሰምጥ ስሙን የሚጠራ ሚኒስትር አልነበረም። የሚያሳዝነው ድሃው ነው ሲሉ የነበሩ ሰዎች ለዚያ ድሃም ቢሆን ወደቡን አልከፈቱለትም።

ያ ከጄኔቭ የመጣው ቴሌግራም የፈጠረው አሠራር አሥር ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ የሚወስዱት አገሮች ሰለቹ፤ ሰዎቹ የሚሸሹት ድህነትን ነው መባል ተጀመረ፣ ይህም በከፊል እውነት ነበር። ሆንግ ኮንግ ከጁን 16 ቀን 1988 ጀምሮ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከማርች 1989 ጀምሮ የደረሰውን እያንዳንዱን ሰው ተራ በተራ መመርመር ጀመሩ። ከቀኑ አንድ ሌሊት ቀድሞ የደረሰ ስደተኛ ተባለ፤ አንድ ሌሊት የዘገየ ራሱን ማስረዳት ነበረበት። ማስረዳት ያቃታቸውና በፈቃዳቸውም በግድም ወደ ቬትናም የተመለሱት ከ109,000 በላይ ናቸው።